ዓሣ ከነጭንቅላቱ የሚቀርብባት ደሴት

ማንም ምን ቢል፣ እኔ የጫጉላ ሳምንቴን ያሳለፍኩት ደሴት ላይ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሆነን በልተን ጠጥተን፣ ፀሐይ ሞቀን፣ ትንሽ ጠቁረን ተመልሰናል። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይዘው “ደሴቱ እንዴት ነበር?” ሲሉኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ “ዓሣው ግሩም ነው” እላለሁ። ውሸት የለበትም። ደሴቷ ጆሃንስበርግ ውስጥ ናት ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እርግጥ ሌላ ደሴት ነበረች። ያቺኛዋ እውነተኛው ውቅያኖስ መሃል ያለችው ናት፤ ዘንባባ አላት፣ ነጭ አሸዋ አላት። ስሟን አልጠራም። ተኳርፈናል።

ኩርፊያችን እንዲገባችሁ ከሽምግልናው ልጀምር። ባለቤቴ አስቴር ወደዚህ አገር የመጣችው አጎቷ ጋሽ ላምቢሶ ዘንድ ነው። ጋሽ ላምቢሶ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ጀፕስታውን፣ ከጅምላ ሱቆቹ ጀርባ ነው። ከሆሳዕና የመጣ፣ ከዱራሜ የመጣ፣ ወረቀት ሊያሳድስ የመጣ፣ ለሱቁ ዕቃ ሊጭን የመጣ ሁሉ እዚያ ቤት ሳይበላ አይወጣም። እኔም ብዙ ጊዜ በልቻለሁ። ጋሽ ላምቢሶ በሩ ላይ ቆመው “ግቡ፣ ግቡ” ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ አስቴር ትሠራዋለች። ሰው በገባ ቁጥር ትነሳለች። ወንበር ታመጣለች፣ እጅ ታስታጥባለች፣ ታቀርባለች፣ ታነሳለች። እሷ ስትበላ ያየ ሰው የለም፤ ምግቡ ከቀዘቀዘ በኋላ ጓዳ ውስጥ ቆማ እንደምትጎርስ የነገረችኝ ራሷ ናት።

በሽምግልናው ቀን ከጓዳ ተጠራችና “አንቺስ ምን ትያለሽ?” ተባለች። ልማዱ አንገት ሰብሮ “እናንተ ካላችሁ” ማለት ነው። አስቴር ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“እሺ ብያለሁ” አለች። “ካትሌሆንግም እገባለሁ፣ ሱቁ ውስጥም እሠራለሁ። ግን ከዚያ በፊት አንድ ሳምንት ባሕር ዳር ተቀምጬ እበላለሁ። ማንም ቢመጣ አልነሳም።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ስለ ጥሎሽ ለመከራከር ተዘጋጅተው ለመጡ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር ነበር። ጋሽ ላምቢሶ “ባሕር ዳር ማለት ጣና ነው?” ብለው ጠየቁ። እኔ በዚያ ጉባኤ ላይ እንድናገር የተፈቀደልኝ ሰው አልነበርኩም፤ ሙሽራ በሽምግልና ቀን የሚጠበቅበት ከቦታው መራቅ ነው። ግን ሽማግሌዎቹን በመኪና ያመጣሁት እኔ ስለነበርኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያው ሆኜ “እወስዳታለሁ” አልኩ።

ሱቄን ለማታውቁት፣ ካትሌሆንግ ያለች ስፓዛ ናት፤ የሰፈር ሱቅ። ፊቷ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ነው። ዳቦ፣ ሲጋራና የስልክ ካርድ የሚወጣባት አንዲት ቀዳዳ አለች። ከኋላ መኝታ አለ፣ ከመኝታው ቀጥሎ ግድግዳ ነው። ዓለምን የምናየው በዚያች ቀዳዳ በኩል ነው። ሴትን ልጅ እዚያ ከማስገባት በፊት ባሕር ማሳየት ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። በኮሮናው ምክንያት ሰው ከቤት በማይወጣበት ወራት፣ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ባለው ክፍተት፣ በስልኬ የደሴቷን ምግብ ቤቶች አጠናሁ። ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ የሚጠብሰው የትኛው እንደሆነ፣ ኦክቶፐስ በኮኮናት ወተት የሚሠራው ሰውዬ ማክሰኞ እንደማይከፍት፣ የትኛው ጠረጴዛ ከቀትር በኋላ ጥላ እንደሚያገኝ አወቅሁ። የጥላውን ነገር የሚነግር ሰው አልነበረም፤ ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች አስተያይቼ ነው የደረስኩበት። አንዲት ጎጎ፣ ማለትም የሰፈሩ አሮጊት፣ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ኦክቶፐስ ሲበዛ ከተቀቀለ እንደ ጎማ እንደሚሆን አስረዳኋቸው። ጎጎ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ “አሁን ዳቦዬን ስጠኝ” አሉኝ።

ሠርጉ ቅዳሜ ሆነ። አዳራሾች ከሚይዙት ግማሹን ብቻ እንዲያስገቡ ደንብ ወጥቶ ስለነበር፣ ግማሹ ወገናችን ሳይጠራ ቀረ። ያልተጠራ ወገን ደግሞ በዚህ አይቀርም። “በሠርጋችሁ ባንበላ ቤታችን መጥታችሁ ትበላላችሁ” ማለት ጀመረ። ሙሽሮች ሲጠሩ እምቢ ማለት እንደሌለ ታውቃላችሁ። በየቤቱ ዶሮ ይታረድላችኋል፣ ክትፎው በቆጮ ይቀርባል፣ ጸሎት ይደረጋል። ሙሽራዋም ገና አንድ ጉርሻ እንደዋጠች ወደ ጓዳ ገብታ ማገዝ ትጀምራለች። እኛ ግን ሰኞ በራሪዎች ነን። “ስንመለስ” እያልን ሳቅን።

እሑድ ጠዋት ዜናው መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አዲስ ዓይነት ቫይረስ ተገኝቷል፤ አገሮች በራቸውን እየዘጉብን ነው። ያቺ የተኳረፍኳት ደሴትም ከእነሱ አንዷ ናት። አየር መንገዱ በጣም እንደሚያዝን ጻፈልኝ። የእኔ ሀዘን እንኳ ያን ያህል በጥሩ ቃላት አልተገለጸም።

አስቴር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኳ ተንጫጫ፦ “ጌታ ይመስገን፣ ሳይዘጋ አመለጣችሁ።” “እናንተ ዕድለኞች ናችሁ።” ሰው ሁሉ ሰኞ ያልነውን ረስቶ፣ ከሠርጉ በቀጥታ ወጥተናል ብሎ ደምድሟል። መልእክቶቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

“አልሄድንም ካልናቸው ነገ ጠዋት ማን ቤት ነን?” አለችኝ።

“አክስትሽ ቤት” አልኳት፤ የጋሽ ላምቢሶን እህት ማለቴ ነው።

“ማታስ?”

አሰብኩ። ማታም፣ ከነገ ወዲያም፣ እስከ ገና ድረስ የምንሆንበትን ቤት ሁሉ አሰብኩ።

“አንዋሽም” አለች። “ስልክ እናጠፋለን። ሰኞ እንሄዳለን ብለናል፣ ሰኞ እንሄዳለን። ደሴት ማለት ሰው ደርሶ የማይቀሰቅስህ ቦታ ከሆነ እዚሁ ከተማ ውስጥ እናገኘዋለን።”

እንግዲህ ሰኞ ሻንጣችንን ይዘን ተጓዝን። እዚያው ጆሃንስበርግ ውስጥ ዮቪል የሚባል ሰፈር ደረስን። ማማ ሮዛ የምትባል ሞዛምቢካዊት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አከራየችን። ከመስኮቱ ባሕር አይታይም፤ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ይታያል። ነፋስ ሲነሳ አንሶላዎቹ የመርከብ ሸራ ይመስላሉ፤ ይህን ለአስቴር ስነግራት መጋረጃውን ዘጋችው።

የመጀመሪያው ምግብ ቤት የተመረጠው በእኔ ነው፤ ስለዚህ አልተሳካም። አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የሚገኝ፣ ደሴት እንዲመስል የተሠራ ቤት ነው። የፕላስቲክ ዘንባባ አለው፣ ጣሪያው ሣር ነው፣ በሩ ላይ የእንጨት በቀቀን ቆሟል። ቁጭ ከማለታችን ከፊት ለፊት ካለው የጫማ ሱቅ የመዘምራኑ መሪ ከነሚስቱ ሲወጣ አየን። ዘንባባው ከእኔ ይቀጥናል፤ ቢሆንም ከኋላው ቆምኩ። አስተናጋጁ መጥቶ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። ሳናዝዝ በዕቃ ማጓጓዣው ሊፍት ወረድን።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጋችንን ያወጣነው። ከወገን የሚያስመልጥ ቦታ ጆሃንስበርግ ውስጥ የለም፤ ሱቅ ካለ እኛ አለን። ግን ወገን ከቤት ውጭ ሲበላ የአገሩን ምግብ ነው፣ ካልሆነም የተጠበሰ ዶሮ። ዓሣ በዳቦ ዱቄት ተለውሶ፣ ማንነቱ ጠፍቶ ከመጣ ሊደፍር ይችላል። ዓይን ያለውንና የሚያየውን ዓሣ ግን፣ ሐዋሳ ያደገ ካልሆነ፣ አይቀርበውም። ስለዚህ ገበታው ላይ ዓሣው ጭንቅላት ካለው፣ በክፍሉ ውስጥ የእኛ ሰው የለም። በዚህ አንድ ሕግ ስንመራ ሰው ለዓመታት ቢፈልግ የማያገኛቸውን ቤቶች አገኘን።

አንደኛው ዮቪል ገበያ አጠገብ፣ ከፀጉር ቤት ጀርባ የሚገኝ የኮንጎዎች ቤት ነው። ምልክት የለውም፤ ጭሱን ተከትላችሁ ነው የምትገቡት። በር ላይ አንዱ የግንባራችሁን ሙቀት ይለካል፣ እጃችሁ ላይ ሳኒታይዘር ያፈሳል። ከዚያ ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ ዓሣ በሽንኩርት ተሸፍኖ፣ ከተጠበሰ ሙዝና ከተወቀጠ የካሳቫ ቅጠል ጋር ይመጣል። እኔ ሳኒታይዘሩ ሳይደርቅ በእጄ ስለጀመርኩ የመጀመሪያው ጉርሻ ሆስፒታል ሆስፒታል አለኝ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ቆዳው ተሰባሪ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ የለሰለሰ።

ችግሩ በሁለት ሳህን መምጣቱ ነው። አስቴር ፊት ለፊቴ የራሷን ሳህን ይዛ ስትበላ የተጣላን መሰለኝ። እሷም እንደዚያው ተሰምቷት ኖሮ ዓሣዋን አንስታ እኔ ሳህን ላይ አስተኛችው። አስተናጋጁ ሮጦ መጣ። በኮሮና ምክንያት ለአንድ ሰው አንድ ሳህን ነው አለን። አንድ ቤት ነው የምናድረው አልነው። ደንብ ደንብ ነው አለ። ነገሩ ተጋግሎ ባለቤቷ ከምድጃው ተጠራች። ወፍራም፣ ላብ ያጠመቃት ሴት ናት። ጣቶቿን ጠርጋ የአስቴርን እጅ ያዘችና የሙሽርነት ሂናዋን አገላብጣ አየች። ሠርጋችሁ መቼ ነበር አለች። ቅዳሜ አልናት። ወደ አስተናጋጁ ዞራ በቋንቋዋ ለረጅም ጊዜ ተናገረችው። ባዶውን ሳህን ይዞ ሄደ።

ሁለተኛው ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ጎማ ከሚጠገንበት ግቢ ውስጥ የሚገኝ የሞዛምቢኮች ቤት ነው። ማማ ሮዛ ናት የላከችን። የሚበላው ፕሮን ነው፤ የባሕር ፌንጣ በሉት። ጢም አለው፣ ብዙ እግር አለው፣ ዓይኑ እንደ በርበሬ ፍሬ ወጣ ብሏል። ፒሪ ፒሪ በሚባል ቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ፣ ከሰል ላይ ተጠብሶ፣ በትልቅ ትሪ ይመጣል። ትሪ ነው፤ ስለ ሳህን የጠየቀን ሰው የለም። አስቴር በመጀመሪያው ደነገጠች፣ በሁለተኛው ጣቷን ላሰች። ከዚያ በኋላ እኔን ማየቷን አቆመች።

በዚህ መሃል ነው በሩ ተከፍቶ ሁለት ወጣቶች የገቡት። ትከሻቸው ላይ የአልጋ ልብስ ተሸክመዋል። እየዞሩ የሚሸጡ የእኛ ልጆች ናቸው። አንደኛውን እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ላይ አየዋለሁ። እንደ አንድ ሰው ማስካችንን ለበስን። ማስክ በዚያ ዘመን ያደረገልን ውለታ ይህ ነው፤ ግማሽ ፊታችንን ደብቆልናል። እንዲያ ሆኖ መብላት አለመቻሉና ጣቶቼ በሙሉ ፒሪ ፒሪ መሆናቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማስኩን ያስተካከልኩበት እጅ አፍንጫዬ ላይ እሳት ለኮሰ። እንባዬን በዚያው እጅ ጠረግሁ።

ልጆቹ ጠረጴዛችን አጠገብ ቆሙ። አንዱ ለሌላው በአማርኛ፣ “እነዚህ የኛ ሰዎች አይደሉም እንዴ?” አለው።

ሌላው ትሪውን አየ። “አበድክ? የኛ ሰው ይህን ይበላል?”

አስቴር ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ነው። ቶሎ እንዲሄዱልኝ በእንግሊዝኛ አንዱን እገዛለሁ አልኩ። እዚህ ላይ ገንዘቡን ሰጥቼ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አንድ ነገር እየገዛሁ ምንነቱን አለመጠየቅ አልችልም። ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ጠርዙ ድርብ ስፌት ነው? ሲታጠብ ስንት ጣት ያጥራል? እንባዬ እየወረደ ስፌቱን በጥፍሬ ፈተንኩት። ልጁ ለአልጋ ልብስ የሚያለቅስ ደንበኛ ገጥሞት ስለማያውቅ ዋጋ ቀነሰልኝ።

ሦስተኛው ምግብ ቤት ያረፍንበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ስም የለውም፤ ጠረጴዛውም አንድ ብቻ ነው። መብራት በተራ የሚጠፋበት ምሽት ነበር፤ ማማ ሮዛ የከሰል ምድጃዋን ጣሪያው ላይ አውጥታ የካሳቫ ቅጠል በኮኮናትና በተፈጨ ለውዝ ስትሠራ ሽታው ወደ ላይ ጠራን። የውሃ ታንከሩ ሥር ወንበር ሰጠችን። ከሩቅ የታክሲዎቹ ድምፅ እየመጣ ይሄዳል። ታንከሩ ያፈሳል፣ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ የገባሁትን ቃል አስቤ ከፋኝ፤ ያን ሁሉ ጥላ ያጠናሁት ለዚህ አልነበረም። ለአስቴር፣ ዓይኗን ብትጨፍን ድምፁ ባሕር እንደሚመስል ነገርኳት።

“አልጨፍንም” አለችኝ። “ባሕር አይደለም። ግን ተቀምጫለሁ፣ ምግቡም ትኩስ ነው።”

ከዚያ በኋላ ባሕርን አላነሳሁም።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀናችን ነበር። አስቴር ፕሮኑን መረጠች፤ ወደ ጎማው ግቢ ተመለስን። ትሪው ገና መምጣቱ ነው፤ እጃችን ገና መቆሸሹ ነው። ከውጭ የማውቀው ሳል ሰማሁ። ቀና ስል ጋሽ ላምቢሶ ኮታቸውን እንደለበሱ ከጎማዎቹ መሃል እየመጡ ነው።

እንዴት እንዳገኙን ቆመው ነገሩን። የአልጋ ልብስ ሻጩ ልጅ ፌንጣ ስለሚበሉ ባልና ሚስት ሲያወራ ሰምተዋል፤ ሴቲቱ አዲስ ሂና እጇ ላይ አለ ብሏል። ይህን እንኳ ባላመኑ ነበር። ሰውየው ግን እያለቀሰ ስለ ስፌት ጠየቀኝ ሲል፣ በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያውቁ ገባቸው። የተደበቅንባት ደሴት በእኔ ጥፍር ተገኘች ማለት ነው።

“አክስትሽ ከትናንት ጀምራ ምድጃ ላይ ናት” አሏት። “ሰው እየተሰበሰበ ነው። ተነሺ ልጄ፣ እንሂድ።”

እኔ ተነስቼ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ከወገቤ በላይ። ሽማግሌ ሲቆም የማይነሳ ሰውነት የለኝም። አስቴርን አየሁ። ጠረጴዛው ሥር እግሯ ወደ ኋላ ተሰብስቧል፤ ለመነሳት እንደሚሰበሰበው። አራት ዓመት ሙሉ እሳቸው በገቡ ቁጥር እንደዚያ ተሰብስቧል። ቀስ ብላ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ ማስኳን ሳትለብስ፣ አፏ ዙሪያ ቃሪያ እንደሆነ፣ ቀና አለች።

“ጋሼ፣ እኔ ደሴት ላይ ነኝ” አለቻቸው። “እሑድ እመለሳለሁ።”

ጋሽ ላምቢሶ ግቢውን ዞረው አዩት። ጎማዎቹን አዩ፣ ጭሱን አዩ፣ ትሪውን አዩ። በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

“አንተስ?”

መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ተቀመጥኩ። “እኔም እዚያው ነኝ፣ ጋሼ።”

ጋሽ ላምቢሶ እዚያው ቆሙ። ወንበር እስኪመጣላቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ወንበር ደግሞ በራሱ አይመጣም። ማማ ሮዛ ዘመዷ የምትለው የቤቱ ባለቤት እንኳ ነገሩ ስለገባው ከከሰሉ አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ጋሽ ላምቢሶ ኮታቸውን አወለቁ። ወደ ግድግዳው ሄደው አንድ የፕላስቲክ ወንበር አነሱ፣ አቧራውን በእጃቸው አራገፉ፣ ተሸክመው አምጥተው ተቀመጡ። ሳኒታይዘር ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ እስኪደርቅ እንዲጠብቁም መከርኳቸው።

አስቴር የአንዱን ፕሮን ጭንቅላት ቆረጠች፣ ቅርፊቱን ገፈፈች፣ ወደ አፋቸው ዘረጋች። ጋሽ ላምቢሶ እጃቸውን አንስተው ጸለዩ። ጸሎታቸው ከወትሮው በጣም የረዘመ ነበር፤ የጉርሻው ቅባት እስከ አስቴር ክንድ ወረደ። አሜን ስንል አፋቸውን ከፈቱ። አላመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለሁለተኛው ራሳቸው እጃቸውን ሰደዱ።

ያኔ ስልካቸው ጮኸ። አክስቷ ናቸው፤ ከነጫጫታው ይሰማል። አግኝተሃቸዋል ወይ ይላሉ፣ ሰው እየጠበቀ ነው ይላሉ። ጋሽ ላምቢሶ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ይህን ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይመሰክራል። አስቴር ቅርፊቱን መላጥ አቆመች።

“አግኝቻቸዋለሁ” አሉ። “ደሴት ላይ ናቸው። እሑድ ይመጣሉ። እናንተ ብሉ።”

ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት። “ውሃ የለም እንዴ እዚህ አገር?” አሉ። እኛ ሁለታችን ፕሮን መላጡን ቀጠልን። ትንሽ ጠብቀው ተነሱና ለሦስታችንም ቀድተው አመጡ።

አሁን አስቴር ካትሌሆንግ ናት፣ ከፍርግርጉ ጀርባ፣ ከእኔ ጎን። ጎጎ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ስለ ፕሮን የምታስረዳቸው እሷ ናት፤ ከእኔ የበለጠ ይሰሟታል። ምሳችንን ከአንድ ሳህን ተቀምጠን እንበላለን፤ ደንበኛ ቢያንኳኳ በተራ እንነሳለን። የማን ተራ እንደሆነ አስቴር ትቆጥራለች።

ያቺ ስሟን የማልጠራት ደሴት ደግሞ በሯን ከከፈተች ቆየች። በየወሩ በስልኬ ትጽፍልኛለች፤ ቅናሽ አለ፣ ናፍቃችሁናል፣ ጠረጴዛችሁ ይጠብቃችኋል ትላለች። የትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ያገኛል። አልመለስኩላትም።